ውስጠኛው ሸራ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ሮብ ገበያ ቀበሌ ዋልን። ሦስት መቶ አሥራ አራት ከብት ከተብኩ። አንዱ ወይፈን በቀንዱ ጎኔን ሊለኝ ሲል ለጥቂት ተረፍኩ። የጮቄ ብርድ ጣቴን አደንዝዞት መርፌውን ሁለቴ ጣልኩት። ሙሉብርሃን ሳቀብኝ። ምን አለበት እሱ… መዝገብ ይዞ ቆሞ ነው የሚውለው።

ቤንዚን ዛሬም የለም። ስለዚህ ስንመለስ እንደ ልማዳችን ተራራው አናት ላይ ሞተሩን አጠፋሁና ፎሌ ለቀቅኩት። ቁልቁለቱን በሙሉ ያለ ሞተር፣ ያለ ማርሽ፣ በፍሬን ብቻ። የወረዳው ሞተረኛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚወርደው። ማን ሳያስነሳ ራቀ እየተባባልን እንፎካከራለን። ሙሉብርሃን ከኋላዬ የክትባት ሳጥኑን አቅፎ "ባሕር ዛፎቹን አለፍን! ወፍጮ ቤቱን አለፍን!" እያለ ይጮኻል። ዛሬ ድልድዩ ድረስ ደረስን። ድልድዩ ድረስ! እስከ ዛሬ ማንም አልደረሰበትም።

የኋላው ፍሬን ግን ጭርርር ይላል። ሙሉብርሃን "ይዘፍንልናል" አለ። ይዝፈን።

ቢሮ ስገባ ኃላፊው የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። "በነዳጅ ቁጠባ አርአያ ለሆነች ባለሙያ" ይላል። ማኅተም አለው። ቤት ስደርስ ልጄ ሂዊ ወዲያው ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ማንበብ ከቻለች ወዲህ ስሜን ያየችበትን ሁሉ ጮክ ብላ ነው የምታነበው። "ለወይዘሮ ሥራነሽ!" እያለች አመሸች።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ጋሽ አካለ ወልድ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። የፍሬኑን ጩኸት ጋራዣቸው ውስጥ ሆነው ሰምተውት ነው የወጡት። ሞተሬን ከእሳቸው ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። የኋላውን ፍሬን ሸራ መስከረም ላይ የቀየሩልኝም እሳቸው ናቸው።

"ምንድነው ይሄ? ፎሌ ትወርጃለሽ እንዴ?"

"ኧረ በጭራሽ!" አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

"ነገ አምጪው፣ ልየው። እንዲህ የሚጮኽ ፍሬን ደግ ነገር አይናገርም።"

እሺ አልኩ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

አልወሰድኩትም። ልብስ አጠባ፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ሂዊ ጉሮሮዬን አለች። ሰኞ ከመስክ ስመለስ በዚያው እወስደዋለሁ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ጽሑፌ ራሱ የእኔ አይመስልም…

ትናንት ነው። ከሮብ ገበያ ስንመለስ። ፎሌ። ሙሉብርሃን "ወፍጮ ቤቱን አለፍን" ብሎ ሳይጨርስ የፍሬኑ ፔዳል እግሬ ሥር ሰመጠ። እንደገና ረገጥኩት። ባዶ። ኩርባው መጣ። የፊቱን ያዝኩት፣ ጠጠሩ ላይ ጎማው ከእኔ ሸሸ። ከዚያ ሰማዩን አየሁ። ከዚያ የሙሉብርሃንን ጩኸት ሰማሁ። ሞተሩ እግሩ ላይ ነበር።

እኔ ክርኔ ተላጠ። ክርኔ ብቻ! ምነው እኔን ባደረገኝ።

እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሐኪሙ ብረት ይገባለታል፣ ይድናል፣ ግን እስከ ፋሲካ መሬት አይረግጥም አለ። ተመስገን አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ አፈርኩ። ምኑ ነው ተመስገን?

ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ መርማሪዋ መጣች። ሳጅን ሽታዬ ትባላለች። ቀጭን፣ ፊቷ የማይነበብ ሴት። ቆማ ነው የጠየቀችኝ።

"ማርሽ ላይ ነበርሽ?"

"አዎ።"

"ፍሬኑን መጨረሻ የሠራው ማነው?"

"ጋሽ አካለ ወልድ።"

ሁለተኛው እውነት ነው። የመጀመሪያው… እንዴት ከአፌ ወጣ? አላሰብኩም እንዳልል አስቤያለሁ። ሂዊን ነው ያሰብኩት። ብታሰር፣ ከሥራ ብባረር ማን አላት? አባቷ ከሄደ አራት ዓመቱ። አንዲት "አዎ" ናት። አንዲት ቃል። ምን ታመጣለች ብዬ?

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ጋሽ አካለን ወሰዷቸው። ከጋራዡ፣ ከነቱታቸው። እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ነው አሉ።

ይህን ያመጣችው ያቺ ቃል ናት።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ሙሉብርሃንን ልጠይቅ ሄድኩ። እግሩ በትራስ ላይ ተሰቅሏል። ፊቱ አመድ መስሏል። ነርሷ እስክትወጣ ጠበቀና እጄን ያዘኝ።

"ማርሽ ላይ ነበርን ብያለሁ። አንቺም እንደዚያ ነው ያልሽው አይደል?"

"አዎ።"

"በቃ። ወደ ኋላ የለም። አንቺ ልጅ አለሽ፣ እኔ ይኸው እግሬን… ሽማግሌውን ምን ያደርጓቸዋል? መክረው ይለቋቸዋል።"

ለእኔ ብሎ ነው የዋሸው። እግሩን ሰብሬው ለእኔ ይዋሽልኛል። ምን ልበለው? ያመጣሁለትን ብርቱካን ልጬለት ወጣሁ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። እግሬ ወሰደኝ።

የጋሽ አካለ ባለቤት እትዬ ደስታነሽ በሩ ላይ ናቸው፣ ስንቅ ይዘው። ሲያዩኝ ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ!

"እንኳን ለዚህ አተረፈሽ ልጄ። አንቺ ንገሪያቸው እባክሽ። አንቺ የተማርሽ ነሽ። እጁን አታውቂውም? ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ብሎን ሳያጠብቅ የሸኘው ሰው አለ?"

"የለም እትዬ።"

"እኮ!"

ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት… መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አስገቡን። ጋሽ አካለ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሙሉብርሃን ነው። እግሩ ይድናል ስላቸው አማተቡ። ከዚያ እንደ ሕፃን በጥያቄ ያዙኝ።

"ሥራነሽ፣ ሸራው ምን ሆኖ ነው? ካሊፐሩስ? ማንም አይነግረኝም። ሞተሩ እዚያ ቆሟል፣ ከዚህ ይታየኛል፣ አንተ ተጠርጣሪ ነህ አትጠጋም ይሉኛል። ባለሙያ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ነው አሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚህ ተቀምጬ ምን አጠፋሁ እያልኩ ላስብ?"

እውነታቸውን ነው። ሞተሩ ግቢው ጥግ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

"አንቺ ፍቺውና ንገሪኝ። ዓይን ሁኚኝ ልጄ።"

ዓይን! እኔ!

ኅዳር 14፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከውጭ ቆምኩ። ወደ ውስጥ አልገባሁም።

ኃላፊው ስልክ ደወለ። የንብረቱ ተወካይ አንቺ ነሽ፣ ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ፣ ሳጅኗ ባለችበት ሞተሩን ፈተሽ አድርጊው አለ። ቀጥሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ከቢሮው ጥፋት እንዳይባል ተጠንቀቂ።"

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ፈታሁት።

ጻፊው ሥራነሽ። አንዲት ሳታስቀሪ ጻፊው።

ሳጅን ሽታዬ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ጋሽ አካለ ከእስር ክፍሉ በር ላይ፣ ከሽቦው ወዲያ። በመሃል ሃያ እርምጃ። አይቼ እሄዳለሁ፣ እነግራቸዋለሁ፣ ይጠይቁኛል፣ እመለሳለሁ። ሳጅኗ መጀመሪያ ሳቅ ልትል ነበር። ኋላ ተወችው።

ሁለት ብሎን ፈትቼ ካሊፐሩን አወረድኩ። ሁለቱን ሸራዎች አቅፎ ዲስኩን ከግራ ከቀኝ የሚጨብጠው ብረት ነው። ጎኑ ተፍቋል፣ ዘይት ተፍቷል።

"ውጪኛው ሸራ ስንት ቀረው?" አሉ ጋሽ አካለ።

"አዲስ ነው ማለት ይቻላል።"

"ውስጠኛውስ? በፒስተኑ በኩል ያለው?"

"አልቋል ጋሼ። ጀርባው ብረቱ ብቻ ነው የቀረው። ዲስኩን አርሶታል።"

"ሁለቱንም እኩል ነው ያስገባሁት።"

"አውቃለሁ። አጠገብዎ ነበርኩ።"

"እንግዲያው ካሊፐሩ መንሸራተት አቁሟል። ሁለቱን እኩል መጫን ሲገባው አንዱን ብቻ ሲበላ ከርሟል። የሚንሸራተተው በሁለት ፒን ነው። ሂጂ፣ ነቅንቂያቸው።"

ሄድኩ። አንዱ ይሄዳል። ሌላው ወይ ፍንክች። በመዶሻ ቀስ እያልኩ መትቼ አወጣሁት። ዝጓል።

ተመልሼ ነገርኳቸው።

"የፒኑ የላስቲክ ቆብስ? ውሃ እንዳይገባ የሚሸፍነው?"

ሄድኩ። ስነካው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ።

"ተቃጥሏል ጋሼ።"

"ተቃጥሏል? በሁለት ወር?" ግንባራቸውን ያዙ። "ዲስኩ ቀለሙ ምን ይመስላል?"

ይሄን ለማየት መሄድ አያስፈልገኝም ነበር። አይቼዋለሁ። ሰማያዊ ነው፣ ዙሪያውን ሰማያዊ። ብረት እንዲያ የሚሆነው ከመጠን በላይ ሲግል ነው። ያጋልኩት እኔ ነኝ። ከአናቱ እስከ ድልድዩ፣ በየቀኑ፣ ሁለት ሰውና ሳጥን ተሸክሞ፣ እግሬን ከፍሬኑ ላይ ሳላነሳ። ቆቡ ተቃጠለ። ውሃና ጭቃ ገባ። ፒኑ ዛገ፣ ካሊፐሩ ተጣበቀ፣ ውስጠኛው ሸራ ብቻውን ተበላ። ፒስተኑ ከልኩ አልፎ ወጣና ዘይቱን ተፋ። እዚያው ቆሜ ሁሉም በአንዴ ገባኝ።

"ጭቃ ይዞት… አይለይም" አልኩ።

ጋሽ አካለ አላመኑኝም መሰለኝ። ወይስ አመኑኝ? ብቻ ድምፃቸው ለሰስ አለ።

"እንግዲያው አንድ ነገር ብቻ እይልኝ። ፒኑ ከሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ጣትሽን ስደጂ። ጥቁር የደረቀ ነገር ካለ የእኔ ግራሶ ነው፣ ቀብቼው ነበር ማለት ነው። ከሌለ ግን… ሳልቀባው ገጥሜዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ሄድኩ። ሳጅን ሽታዬ ስልክ ተደውሎላት ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ትንሿን ጣቴን ሰደድኩ።

አለ። ጥቁር፣ የጠነከረ፣ ያረረ የሚሸት ግራሶ። አለ! መስከረም ላይ የግራሶውን ቆርቆሮ የያዝኩላቸው እኔ አይደለሁም? ጣታቸውን እየነከሩ "ይቺን የረሳ መካኒክ ምኑን መካኒክ ሆነ" ሲሉኝ የሳቅኩት እኔ አይደለሁም?

አለ ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታዲያ ምን አቃጠለው ነው።

ጣቴን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ። ሃያ እርምጃ ተመለስኩ።

"የለም ጋሼ።"

እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው አገላብጠው አዩት። የሌላ ሰው እጅ የሚያዩ ነው የሚመስሉት።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

የለም አልኳቸው።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

እትዬ ደስታነሽ ቤቴ ድረስ መጡ። ወደ ጣቢያ ይዘውት የሄዱትን ሽሮ ሳይነካ መልሰውት ነው የመጡት። እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አሉ።

"እህል አልበላም አለኝ። ጾሙ መስሎኝ ነበር። 'እጄ ከዳኝ' ይላል። 'ዕድሜ ነው፣ መርሳት ጀምሬያለሁ፣ ከእኔ እጅ ስንት ሰው ወጥቶ ይሆን፣ ስንቱን ልገድል ነበር' ይላል። መፍቻዎቹን ለሰው ስጪ አለኝ። ሰኞ ቃሉን ሰጥቶ ሊፈርም ነው። ረስቻለሁ ብሎ! ሥራነሽ፣ እሱ ሲረሳ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ ምን ሆኖብኝ ነው?"

ሂዊ ውሃ አመጣችላቸው። መረቋት። "እናትሽን ያቆይልሽ" አሏት። ወደ ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ።

መታሰራቸውን ሳስብ ይለቀቃሉ እያልኩ እራሴን አጽናና ነበር። ይሄስ? ቢለቀቁስ ምን ይሆናሉ? ሰውየው ሠላሳ አምስት ዓመት ያመኑትን እጃቸውን ነው የወሰድኩባቸው። ይሄን ማን ይመልስላቸዋል?

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ኅዳር 3። "ይዝፈን።" በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። ገጹን ልገነጥለው ያዝኩ። ክብሪቱም አጠገቤ ነው። ማን ያያል? ለራሴ ነው የምጽፈው፣ ማንም አያየውም።

አልገነጠልኩትም። ለምን እንደሆነ… ፈራሁ መሰለኝ። ይሄ ገጽ ከጠፋ እውነቱን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ሙሉብርሃንም ያውቃል፣ ግን እሱ ስለ ግራሶው አያውቅም። እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ አየሁት አይደል? እኔ አልታመንም።

የምስጋና ወረቀቱን ግን ከግድግዳው ቀደድኩት። ሂዊ ጮኸች።

"እማ! ስምሽ አለበት እኮ!"

"ለዚህ ነው የኔ ልጅ።"

አልገባትም። አኮረፈችኝ።

ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ጽዮን

ሙሉብርሃን ጋ ሄጄ ነገ ልናገር ነው አልኩት። ስለ ግራሶውም ነገርኩት።

"እኔ ሐሰተኛ ልባል ነው ማለት ነው።"

"ለእኔ ብለህ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ።"

"እግሬ ተሰብሮ ተኝቼ ዋሸሁልሽ፣ አሁን ደግሞ…" ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ሂጂ። ሂጂ ሥራነሽ።"

ሄድኩ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ሂዊን ጎረቤት አደረስኩ። ልብሷን በፌስታል አድርጌ ነው፣ ምናልባት አልመለስ እንደሆነ። ወደ ሥራ ነው አልኳት። ይሄ ደግሞ የመጨረሻው ውሸት ይሁን።

ደብተሩን ይዤው እሄዳለሁ። በቃሌ ብናገር መሃል ላይ አሳምረዋለሁ፣ እራሴን አውቃለሁ። ደብተሩ ይናገር።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ይህን የምጽፈው ከሂዊ የሒሳብ ደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ ነው። ደብተሬ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቷል፣ ከማስረጃው ጋር። ቁጥር ሰጥተውታል።

ሰኞ ስደርስ ጋሽ አካለ ቃላቸውን ሊሰጡ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሳጅን ሽታዬ እስክሪብቶ እያነሳች ነበር። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ኅዳር 3ን ገለጥኩላት።

አነበበች። ቀስ ብላ ነው ያነበበችው። አንድ ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ፣ የራሷን ስም አግኝታ መሰለኝ።

"ይሄ የአንቺ እጅ ጽሑፍ ነው?"

"አዎ።"

ይቺኛዋ "አዎ" እንዴት ከበደች…

ኅዳር 16 ላይ ስትደርስ ድምፅ አውጥታ አነበበችው። ጮክ ብላ፣ ለእሳቸው። "አለ። ጥቁር፣ የጠነከረ፣ ያረረ የሚሸት ግራሶ።" ጋሽ አካለ ተነሱ። ማንንም አላስፈቀዱም፣ ማንም አልከለከላቸውም። በግቢው አቋርጠው ሄዱ። ሃያ እርምጃ። ላስቲኩን ገለጡ፣ ቁጢጥ አሉ፣ ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ሰደው አወጡና አሸተቱት።

"ቀብቼው ነበር" አሉ።

ለእኔ አልነበረም። ለሳጅኗም አልነበረም።

"ቀብቼው ነበር እኮ!" ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰው ፊት ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም።

ቆይተው ዞሩ። እኔን አዩኝ። ተዘጋጅቼ ነበር፣ በጥፊ ቢመቱኝም፣ ቢረግሙኝም። እሳቸው ግን ግራ እንደገባው ሰው ነው ያዩኝ።

"ቆርቆሮውን የያዝሽልኝ እኮ አንቺ ነበርሽ።"

ሌላ አላሉም። ከዚህ የከፋስ ምን ይሉኛል?

ያን ዕለት ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ሁለት ሌሊት አደርኩ፣ ትናንት በዋስ ወጣሁ። ክስ ይኖራል። ከሥራ ታግጃለሁ። ኃላፊው ስለ ምስጋናው ወረቀት ምንም እንዳልናገር አስጠነቀቀኝ። ደብተሩ ውስጥ ተጽፏል አልኩት። ስልኩን ዘጋብኝ። ሙሉብርሃንም እውነቱን ተናግሯል አለችኝ ሳጅኗ፣ "ፎሌ ነበርን፣ እኔም እየቆጠርኩ ነበር" ብሎ። እኔን ሊያየኝ ግን አይፈልግም።

ለሂዊ ነገርኳት። በሚገባት ቋንቋ፣ ሁሉንም። "ታዲያ ይቅርታ አልሽ?" አለችኝ። አላልኩም ነበር። ሁሉን ተናግሬ ይቅርታን ረስቻታለሁ።

ስለዚህ ዛሬ በእግሬ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ከሩቅ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። በሩ ክፍት ነው። ጋሽ አካለ አንድ ሞተር ሥር ተንበርክከው ካሊፐር ፈተዋል። ፒኑን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋሉ፣ ወደ ላይ አንስተው ያያሉ፣ ደግሞ ይፈትጋሉ። በፊት አንዴ ነበር የሚያዩት። ዛሬ ሦስቴ፣ አራቴ። ግራሶ ይቀቡታል፣ ያስገቡታል፣ መልሰው ያወጡታል፣ መቀባታቸውን ያረጋግጣሉ። ይሄን ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ።

በሩ ላይ ቆምኩ። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ።

"ጋሼ…"

ቀና አላሉም።

"እዚያ አትቁሚ፣ ብርሃን ከለከልሽኝ" አሉ።

ፈቀቅ አልኩ። አልሄድኩም።